አንድ የተባለው ማሳ

አንጻራዊነትን ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። ያስተማርሁትም ቆቦ ላይ ነው፤ ከቀትር በኋላ ጠመኔው በጣት ላይ በሚቀልጥበት፣ ዝንብ እንኳ መብረር ሰልችቷት በእግሯ በምትሄድበት ክፍል ውስጥ። እሺ፣ ጠመኔው አይቀልጥም። የዝንቧን ነገር ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

መጽሐፉ ምሳሌውን ሁሉ በባቡር ነው የሚሰጠው። ተማሪዎቼ ባቡር ያዩት በመጽሐፉ ሥዕል ላይ ብቻ ስለሆነ ባቡሩን ጣልሁና ሚኒባስ አስገባሁ። «ከወልድያ ተሳፍረህ፣ ጎብዬን አልፈህ፣ ሮቢት ላይ እንቅልፍ ጣለህ እንበል» እላለሁ። «ድንገት ስትነቃ የዞብል ተራራ በመስኮቱ ወደ ኋላ ይሮጣል። የሚሮጠው ማነው?» ከኋላ ወንበር አንዱ «ረዳቱ ነው መምህር፣ መልሴን ይዞ!» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፣ እኔም አብሬ እፈርሳለሁ። የሳቀ ተማሪ ገብቶታል ብዬ አምን ነበር።

የሚያስቀው ግን የትምህርቱ ግማሽ ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ቆሞ አንዱ እየሄደ፣ በሰዓትና በርቀት ላይስማሙ ይችላሉ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። ይህ ለቀልድ ይመቻል። ሌላው ግማሽ ግን እንዲህ ይላል፦ አንዱ ነገር ሌላውን ካመጣው፣ የቱ ቀደመ የሚለውን ማንም ከየትም ቆሞ ሊገለብጠው አይችልም። ድንጋዩ ሳይወረወር መስኮቱ ተሰብሮ የሚያይ ሰው የለም፤ ከሚኒባስም ላይ ሆኖ፣ ከኮከብም ላይ ሆኖ። ይህን ግማሽ በሁለት ደቂቃ እያለፍሁት «ፈተና ላይ አይመጣም» እል ነበር። በርቀት ትምህርት ፍልስፍና የወሰድሁ ጊዜም ያነሳሁት የሚመቸኝን ነው። እውነት እንደየሰዉ ናት የሚሉትን አሳቢዎች ወደድሁ፣ የሚሟገቷቸውን ገጾች ዘለልሁ። ከባለቤቴ ጋር ስጣላ ሞክሬዋለሁ። እሷ ዘንድ አይሠራም።

የምጽፈው ያን የዘለልሁትን ግማሽ ክፍል ውስጥ ሳይሆን ሜዳ ላይ ስለዘለልሁበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ምክንያት አንድ ሰው ከመሬቱ ወጥቷል።

እኛ ዘንድ ዝናብ ማለት በሌላ ሰው ራስ ላይ የሚወርድ ነገር ነው። በምዕራብ በኩል ደጋው ይጠቁርና ያጉረመርማል፤ እኛ ላይ ፀሐይዋ እንዳለች ናት። ትንሽ ቆይቶ ወንዙ በደረቀ አሸዋው ላይ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ከች ይላል። ገበሬው በእንጨት፣ በቅጠልና በአፈር ክትር ይሠራና ውሃውን ወደ ቦይ ይመልሰዋል። ጠለፋ የምንለው ይህንን ነው። ጎርፉ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ሁለት ሰዓት ከቆየ ሠርግ ነው። በዚያች ሰዓት የጠጣ ማሳ ማሽላ ያበላል፣ ያልጠጣው ለከብት ይታጨዳል።

ስለዚህ ውሃው ሕግ አለው። የዛሬው ጎርፍ የሚጀምረው ያለፈው ጎርፍ ካቆመበት ማሳ ነው። ተራው የታችኛው ሰው ከሆነ የላይኛው የማሳውን አፍ ዘግቶ ውሃውን ያሳልፍለታል። የታችኛው ማሳው ሲጠግብ ነጠላውን በበትር ሰቅሎ ያሳያል፤ ያኔ የላይኛው ይከፍታል። ነጠላ ሳይነሳ መክፈት ነውር ነው፣ በቅጣትም ያስጠይቃል። ይህን የሚያስከብር የውሃ አባት ይመረጣል። የኛ ቦይ የውሃ አባት የእናቴ ወንድም ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል በዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጡ፣ ወንበር ስል ድንጋይ ማለቴ ነው፣ አንድ ሰው «አደሉ» ብሏቸው አያውቅም። የገዛ ልጃቸው አንድ ክረምት ነጠላ ሳይነሳ ቢከፍት፣ በሰው ፊት በአካፋቸው ዘግተውበት ተራውን አሳጥተውታል።

የቦዩ የመጨረሻ ማሳ የአንድ ሙስሊም ጎረቤታችን ነበር። በዕድሜ ጥቂት ስለሚበልጠኝ «አያ» እለዋለሁ። በመላው ራያ ቀልዴን ከነትርፉ የሚመልስልኝ እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ «ማሽላህ አጭር ነው፣ ወፏ ጎንበስ ብላ ነው የምትበላው» ብለው፣ «ያንተ ተማሪዎች ደግሞ ቆመው ነው አሉ የሚተኙት» አለኝ። ውሃው እስከሱ ለመድረስ የሰው ሁሉ ደግነት ያስፈልገዋል፤ እሱም ይህን ስለሚያውቅ ማንንም ሳያስቀይም ነበር የሚኖረው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የሰብል መድን ለመሞከር የመጡ ሰዎች ቁጥር የሚያውቅ የአገር ልጅ ፈለጉና እኔን አገኙ። መኪናቸው ከትምህርት ቤታችን ይበልጥ ነበር። የሂሳብ ባለሙያቸው ረጋ ያለች ወጣት ናት። ቦዩ ዳር ቆማ አስረዳችኝ።

«ሁሉንም ማሳ መለካት አንችልም። አንድ ማሳ እንመርጥና ‹አንድ› እንለዋለን። መሠረቱ እሱ ነው። ሌላው ማሳ ከሱ አንጻር ስጋቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ትጽፍልናለህ።»

«አንጻራዊነት እኮ ነው!» አልኋት፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

«የኛም መጽሐፍ እንደዚያ ነው የሚለው» አለች። «መሠረቱ ማሳ ላይ ምልክት ያለው እንጨት እንተክላለን። በክረምቱ ውስጥ ጎርፉ ምልክቱ ጋ ካልደረሰ ዓመቱ መጥፎ ነው፤ ለሁሉም እንደየስጋቱ ይከፈላል። ከደረሰ ዓመቱ ደህና ነው፤ ለማንም አይከፈልም። ብቻ አደራ፣ ከመሃል ያለ፣ ምንም ልዩ ነገር የሌለው ማሳ ምረጥ። ሰው የማያወራለት ይሁን።»

እኔ ደግሞ ሰው የሚያወራለትን መረጥሁ። የአጎቴን። ሌላ ምክንያት የለኝም፤ ያስቃል ብዬ ነው።

እንጨቱን ይዤ ማሳቸው ስደርስ አካፋቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«አጎቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ አንድ ነዎት።»

«ድሮስ ስንት ነበርሁ?»

«ድሮ አልተቆጠሩም። አሁን ግን አገሩ ሁሉ በእርስዎ ይለካል። ሌላው ሰው ከእርስዎ አንጻር ነው የሚጻፈው።»

ኮስተር እንዳሉ እንጨቱን በመዳፋቸው ሞከሩት። «ይኸ ቀይ ቀለም ምንድነው?»

«ውሃው እዚያ መድረስ አለበት።»

«ባይደርስስ? አንድ ደርቆ ቢገኝስ?»

እዚህ ላይ ሴቲቱ የነገረችኝን መድገም ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። «ከደረቀ ለሁሉም ይከፈላል» ብል ሦስት ቃል ነው። እኔ ግን ሁለት እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ «አንድ ከደረቀማ አገር አለቀ!» አልሁ። አብረውን የነበሩት ሰዎች ሳቁ። አጎቴ አልሳቁም። አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አደራ የተቀበለ ሰው የሚነቀንቀውን መነቅነቅ።

ነገሩ በሳምንት ውስጥ አገር አዳረሰ። አጎቴ ቀብር ላይ ሲደርሱ «ለአንድ ቦታ ልቀቁ» ይባላል። ሮቢት ገበያ ላይ አንዲት ሴት ባሏን «አንተማ ነጥብ ሦስት ነህ» ብላ ስትሰድበው ሰምቻለሁ። ጎረቤቴ አያም ቦዩ ላይ አገኘኝና ቅጹን አየው።

«እኔን ስንት ብለህ ጻፍኸኝ?»

«አንድ ነጥብ ስምንት።»

«ከአጎትህ እበልጣለሁ?»

«በስጋት ትበልጣለህ።»

«ወላሂ፣ በዕድሜዬ አንድ ቀን ከሱ በለጥሁ፣ እሱም በመጥፎ!» አለና ሳቀ። መዋጮውን ግን ከሁሉም ቀድሞ የከፈለ እሱ ነው። ከቦዩ ጫፍ ያለ ሰው መድን ምን እንደሆነ ለመረዳት አስተማሪ አያስፈልገውም።

አጎቴ «ተወኝ ወዲያ» ይሉኝ እንጂ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ የእንጨቱን አቧራ በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። አይቻቸዋለሁ። ለቤተሰቡ ሁሉ እያስመሰልሁ አሳይቻለሁ፤ ባለቤቴ በሳቅ እንባዋን እስክታብስ።

የዚያ ክረምት ጎርፍ ስስታም ነበር። ነሐሴ እስኪጋመስ ሁለት ጊዜ ብቻ መጣ፤ ሁለተኛውም ከአያ ማሳ በላይ አቆመ። የአጎቴ ማሳ ትንሽ ቀምሷል፣ ውሃው ግን ከቀዩ ምልክት አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው የቀረው። ስለዚህ ሦስተኛው ጎርፍ ተራው የአያ ነው። ከሱ የተረፈ ብቻ ወደ ላይ ይመለሳል።

ሦስተኛው ጎርፍ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። እኔ ቅጼን ይዤ በቦዩ መሃል ካለው ጉብታ ላይ ነበርሁ፤ ወደ ላይ አጎቴን፣ ወደ ታች አያን አንድ ላይ አያለሁ። ውሃው በአጎቴ ማሳ አፍ በኩል ወደ ታች አለፈ። አያ ጉልበቱ ድረስ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃውን ገና ወደ ማሳው ጫፍ ይመራል፣ ነጠላው ትከሻው ላይ ነው። አጎቴ ውሃውን አያዩም። የሚያዩት እንጨቱን ነው። ደጋው ላይ ሰማዩ እየጠራ ሄደ፤ ጎርፉ እንደማይቆይ ሁላችንም እናውቃለን።

ከዚያ አጎቴ አካፋቸውን አነሱና የራሳቸውን ማሳ አፍ መቱት።

እየሮጥሁ ደረስሁ። «አጎቴ! ነጠላው እኮ አልተነሳም!»

«ተነስቷል።»

«የታለ?»

«አንተ ፈረንጅኛ ስታነብ ዓይንህ ጠፍቷል» አሉና ሁለተኛ መቱ። ውሃው ዞሮ ገባ። እየተነፈሱ፣ ወደኔ ሳያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉ፦ «ይኸ እንጨት ደርቆ ይግባ? አንድ ደረቀ ልባል በዚህ ዕድሜዬ? ትንሽ ይንካው ብቻ፣ እዘጋለሁ።»

እኔ ምን አደረግሁ? ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ቀልድ መሰለኝ፤ ማታ ለባለቤቴ እንዴት እንደማወራው ማሰብ ጀመርሁ። አካፋውን ከእጃቸው መያዝ ይቻል ነበር። አጎቴ ሽማግሌ ናቸው፣ እኔ ደግሞ በወሬ የሞላሁ ብሆንም ክንድ አለኝ። ውሃው ቀዩን ምልክት ነካ፣ አለፈም። ሊዘጉ ሲያጎነብሱ የወንዙ ድምፅ ቀነሰ። ከታች አያ አንዴ ጮኸ፣ ሁለተኛ አልጮኸም። ከማሳው ላይ ለገበያ የሚዘረጋ ምንጣፍ ያህል ብቻ ነበር የረጠበ።

በማግሥቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በቦዩ አፍ ላይ ካለችው ቁርቁራ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ሦስት ናቸው። ከሳሹ አያ፣ ተከሳሹ የውሃ አባት፤ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ስለማይታወቅ ሥራውን ጥሎ ያልመጣ የለም።

«ነጠላዬ ከትከሻዬ አልወረደም» አለ አያ። «ሌላ የምለው የለኝም።»

«ነጭ አይቻለሁ» አሉ አጎቴ። ድምፃቸው የሳቸው አልመስል አለኝ።

ዋናው ሽማግሌ ዘወር ዘወር አሉና እኔን አገኙኝ። «መምህር መሃል ነበር። ሁለቱንም ያያል። በል ልጄ፣ ነጠላው ተነስቶ ነበር ወይስ አልተነሳም?»

ጥያቄው ሁለት መልስ ብቻ ነው ያለው። አንደኛው እናቴን ያሳደጓትን ሰው ከድንጋያቸው ላይ ያነሳል። ሁለተኛው ቀጥ ያለ ውሸት ነው፤ ውሸታም ደግሞ አይደለሁም፣ አጋናኝ ብቻ ነኝ። ስለዚህ ሦስተኛ መልስ ፈጠርሁ።

«አባቶቼ፣ ይኸ ቀላል ጥያቄ እንዳይመስላችሁ» አልሁ። «ነጠላውን የምናየው በብርሃን ነው። ብርሃን ደግሞ መንገደኛ ነው፤ እስከ አጎቴ ዓይን ለመድረስ ሌላ ጊዜ፣ እስከኔ ለመድረስ ሌላ ጊዜ ይፈጅበታል። ከኔ ቆሞ ሲታይ ያልተነሳ ነጠላ፣ ከአጎቴ ቆሞ ሲታይ የተነሳ ሊሆን ይችላል። ማን ያውቃል፣ አያ የዛሬ ሳምንት የሚያነሳውን ነጠላ አጎቴ ትናንት አይተውት ይሆናል!»

ቁርቁራዋ ሥር ያለው ሕዝብ በሳቅ ተጣጠፈ። አንዱ ሽማግሌ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አስቄ አላውቅም።

ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያን መልስ ቢጽፍልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር። ያልተነሳን ነጠላ የሚያይ ዓይን የለም፤ ብርሃን ሳይወጣ አይደርስም፤ አንጻራዊነትን ያመጣው ያ ጸጉሩ የቆመ ሊቅ ሙሉ ነገሩን ያቆመው በዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን አያውቁም፣ እኔ አውቃለሁ። ያወቅሁትን ነገር ነው የማያውቁትን ለማሳሳት የተጠቀምሁበት።

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን ጨርሰው ፈረዱ። መምህሩ እንኳ ካልለየው ጥፋቱ የሰው አይደለም፣ የውሃው ነው። ነገር ግን የውሃ አባትን ያለ ምስክር የከሰሰ ሰው ተራው ወደ መጨረሻ ይወርዳል፤ የቆየ ደንብ ነው። አያ ተነሳ፣ አጎቴ ጉልበት ላይ ጎንበስ አለ፣ «ይቅር በሉኝ» አለ። አጎቴ ፊቱን ሳያዩ እጃቸውን በራሱ ላይ አደረጉ። በዚያ ክረምት አንድ ጎርፍ ብቻ ተጨመረ፤ አያ ጋ ሳይደርስ አለቀ።

መስከረም ላይ የሂሳብ ባለሙያዋ ደወለችልኝ።

«እንጨቱ ምን ይላል?»

«ምልክቱን አልፏል።»

«እሰይ! ዓመቱ ደህና ነው ማለት ነዋ።»

«የመጨረሻው ማሳ ግን ደርቋል» አልኋት።

«መሠረቱ ከጠጣ ቀሪው በሱ ነው የሚሰላው። አንድ ሁለት ማሳ ለብቻው ቢደርቅ የምናይበት መንገድ የለንም። እንጨቱ በደንቡ ነው የረጠበው አይደል?»

«አዎ» አልሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው በትክክል የገባኝ። ያ እንጨት እንደ ደረቀ ቢቀር ኖሮ ለሁሉም ይከፈል ነበር፤ ለአያ ደግሞ ከሁሉም በላይ፣ አንድ ነጥብ ስምንት እጥፍ። የአገሩ መለኪያ የረጠበው በተሰረቀ ውሃ ነው። ሌባውን መለኪያ አድርጌ የመረጥሁት እኔ፣ ያስፈራራሁትም እኔ፣ የሸፈንሁትም እኔ።

ለአጎቴ ሄጄ ነገርኋቸው። «ከደረቀ ይከፈላል ነው ያልኸኝ?» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ማሳ ወርደው እንጨቱን ነቅለው ቤት አስገቡት። በኅዳር አንድ አህያ ማሽላ ለአያ ላኩ። አህያዋ እንደ ተጫነች ተመለሰች።

አያ ያን ዓመት በሬዎቹን ሸጠ። መሬቱን፣ ምርቱን እኩል እየተካፈሉ እንዲያርስለት፣ ለአምስት ዓመት ለአጎቴ ልጅ ሰጠው፤ በዚያ አካባቢ ሁለት ጥማድ በሬ ያለው እሱ ብቻ ነው። ራሱ ዋጃ ወርዶ ሽንኩርትና ቲማቲም አይሱዙ ላይ የሚጭኑ ሰዎች ጋ ገባ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው።

አጎቴም ብዙ አልቆዩም። የውሃ አባትነቱን በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ሰው ዕድሜ ነው አለ። በታመሙ ጊዜ ከጎናቸው ተቀምጬ እንደ ልማዴ ላስቃቸው ስሞክር እጄን ያዙኝ።

«ያን ቀን ብትይዘኝ ምን ነበረበት?»

«አጎቴ፣ እርስዎን ማን ይይዛል…»

«አንተ ነበርህ እኮ እዚያ» አሉኝ። በዚያው ሳምንት ቀበርናቸው፤ የመጡት ሰዎች ቁመታቸውን፣ ፍርዳቸውን፣ ደግነታቸውን አወሩ። ሁሉም እውነት ነበር።

ከተዝካራቸው በኋላ ዋጃ ሄድሁ። አያን ጆንያ ላይ ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ አገኘሁት። ከስቷል። እንዳየኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ደህንነቴን ጠየቀ፣ ልጆቼን ጠየቀ።

«አያ፣ ያን ቀን አይቻለሁ። ነጠላህ አልተነሳም ነበር።»

«አውቃለሁ እንዳየህ። ከጉብታው ላይ እጅህን ስታወናጭፍ አይቼሃለሁ። እየሮጥህ ወደሱ ስትሄድ ‹አልሀምዱሊላህ፣ መምህር ሊይዘው ነው› ብዬ ነበር።»

«ለምን ሽማግሌዎቹ ፊት እንደዚያ አላልህም?»

«ምስክሩ አንተ ሆነህ የምመሰክረው እኔ?»

ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በእጁ ከለከለኝ። «ለኔ ምን ይነገረኛል፣ እኔ እዚያው ነበርሁ። ለነዚያ ንገር። ግን መምህር፣ ሳትቀልድ።»

ባለፈው ዓመት ክትሩ ሲታደስ፣ የቦዩ ሰው ሁሉ ቁርቁራዋ ሥር በተሰበሰበበት፣ ተነስቼ ቆምሁ። «ከሦስት ክረምት በፊት የተፈረደ ፍርድ አለ» ስል ሳቅ ጀመረ። ገና ምንም አልተናገርሁም። ሰው ፊቴን ሲያይ ይዘጋጃል፤ እንደዚያ ያስለመድሁት እኔ ነኝ።

«የአያ ነጠላ አልተነሳም ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ» አልሁ።

«ብርሃኑ አሁን ደረሰህ መምህር?» አለ አንዱ ከኋላ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳቅ ለመግለጽ የማጋነን ችሎታዬ አይበቃም። «እውነቴን ነው» ስል ይብሳል። «አልቀለድሁም» ስል ደግሞ ዛፉን ይዘው ይስቃሉ። አንድ ጎልማሳ መምህር ቆሞ ሲለምን አስቡት። በመጨረሻ የማላውቀው ድምፅ ከውስጤ ወጣ። «የአጎቴ አጥንት ይውጋኝ!» ብዬ ጮኽሁ። ያኔ ሳቁ ተቆረጠ። የአጎቴ ልጅ ከፊት ረድፍ ቀና ብሎ አየኝ፤ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የሚያየኝ።

የአሁኑ የውሃ አባት ተቆጡ። «ሟች ናቸው እኮ። በሕይወት ሳሉ፣ መልስ በሚሰጡበት ጊዜ፣ ምላስህ የት ነበር?»

መልስ አልነበረኝም። አለመኖሩን ሲያዩ ነው ይመስለኛል ያመኑኝ። ተማከሩና ፈረዱ፦ አያ በሐሰት አልከሰሰም፣ ስሙ ንጹሕ ነው፤ ማሳው ላይ የወደቀው ቅጣት ተነስቶ፣ የመጪው ክረምት የመጀመሪያ ጎርፍ ከሱ ማሳ ይጀምራል።

እየበረርሁ ዋጃ ሄድሁ፤ በሚኒባስ ነው እንጂ በክንፍ የሄድሁ ነው የሚመስለኝ። አያ የቲማቲም ሣጥን እያቀበለ ሳለ ነገርሁት። ሥራውን አላቆመም።

«ስሜንስ አነሱ?»

«ንጹሕ ነው አሉ። በሰው ሁሉ ፊት።»

«ደግ» አለ። ሁለት ሣጥን አቀበለ። «ተራው የተመለሰው ለማሳው ነው ወይስ ለሰውየው?»

«ለማሳው ነዋ። ተራ የማሳ ነው።»

«ማሳውን የሚያርሰው ማነው?»

የአጎቴ ልጅ ነው የሚያርሰው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ ስምምነታቸው ሲጻፍ ምስክር ሆኜ የፈረምሁት እኔ ነኝ። ቁርቁራዋ ሥር ስለምን፣ በአጎቴ አጥንት ስምል፣ ዋጃ ድረስ ስበር አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«እኩሌታው ይደርስሃል» አልሁት።

«አዎ። ለአጎትህም ልጅ እኩሌታው» አለ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ።

«ውሉን እናፍርሰው። እኔ አናግረዋለሁ።»

«በምን በሬ ልረሰው?» ሣጥኑን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ተወው መምህር። ሳትቀልድ ንገር አልሁህ፣ ነገርህ። የቀረው የኔ ነው።»

ከመኪናው ላይ የቆመው ሰው «ፍጠን እንጂ አባባ!» ብሎ ጮኸበት። ከመኪናው ጎን ሆኜ ጠበቅሁት። ጭነቱ ሲያልቅ እሱም ከሌሎቹ ጋር ከሣጥኖቹ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ፤ አላማጣ የሚራገፍ ዕቃ ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ አንድ ነገር ልለው ፈልጌ አፌን ከፈትሁ። የመጣልኝ ቀልድ ብቻ ስለነበር መልሼ ዘጋሁት።